ባንዲራውን በሕግ ያወረደው ሰው

«አንድ ሕግ አውጪ ነበረ፤ ያወጣውም ሕግ መልካም ነበረ» አሉ መምህር አካለ ወልድ።

ይህን ያሉት ስንቅነሽ ጥያቄዋን ከጠየቀች በኋላ ነው። ስንቅነሽ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናት። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የሚጠራው መሥራቾቹ በመጡበት አውራጃ ስም ነበርና ከሌላ አገር የመጣ ሰው በገዛ ሰፈሩ እንግዳ ሆኖ ኖሯል። አባቷ በሞቱ ጊዜ «የአገራችን ሰው አይደሉም» ተብሎ ድንኳኑ ተከለከለና ለቀስተኛው ዝናብ እየወረደበት ተቀመጠ። ስንቅነሽ ይህን አልረሳችም። አድጋ፣ በርትታ፣ ሰው አሰባስባ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የእድሩን ስም አስለወጠች። እስከዚህ ድረስ የከፋው ሰው ቢኖርም ዝም ብሏል። ቀጥላ ግን በድንኳኑ ላይ በክር የተጠለፉት የሟች መሥራቾች ስሞች እንዲተረተሩ አስወሰነች። ልብስ ሰፊውም ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ የመሥራቾቹ ሚስቶች፣ በዕድሜ የገፉት ሴቶች፣ ጧት ጧት እየመጡ ደጇ ላይ ይቀመጣሉ። አይሳደቡም፤ አይለምኑም።

«ደንቡ ይፈቅድልናል፤ ድምፁም የእኛ ነው። ታዲያ ምን በድያቸው ነው እንዲህ የሚያዩኝ?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

«የሰውየውን ስም አልነግርሽም፤ ስም ከጠራሁልሽ ሌላ ሰው ይመስልሻል» አሉ መምህሩ። እንዲህም ብለው ነገሯት።

የሰውየው አገር ግማሹ ተራራ፣ ግማሹ ሐይቅ ነበረ። ገዥዎቹ የተራራው ሰዎች ነበሩ። ባንዲራውም ቀይ ሆኖ በመካከሉ አንድ ነጭ ተራራ ነበረበት። ለሐይቁ ግን አንዲት ጠብታ ያህል እንኳ ቦታ አልተተወለትም።

ሰውየው የሐይቁ ልጅ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጧት ባንዲራ ሲሰቀል ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። አንድ ቀን ባንዲራው ገና ከምሰሶው እኩሌታ ሳይደርስ ድንገት ማዕበል ተነሣና ሰዎች የተሳፈሩባትን ጀልባ እየገፋ ወደ ጥልቁ ይወስዳት ጀመር። አባቱ አልቆሙም። ሮጠው ውኃው ውስጥ ገብተው ገመዷን ያዙ። ሰዎቹ ተረፉ። አባቱን ግን ወታደሮች ከነርጥብ ልብሳቸው ይዘው «ለባንዲራ አልቆምህም» ብለው እዚያው ምሰሶው ላይ አስረው ገረፏቸው። ልጁ ከእናቱ ጋር ቆሞ አየ። የአባቱን ጀርባ ማየት ስላልቻለ ቀና ብሎ ከላይ የሚውለበለበውን ነጭ ተራራ ተመለከተ። የዚያን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ያንን ተራራ አንድ ቀን ሳያወርድ እንደማይሞት በልቡ ያዘ።

ጊዜ አለፈ። ገዥዎቹ ወደቁ፤ በቦታቸውም ሕዝብ የመረጠው ሸንጎ ተቀመጠ። አባቱ ይህን ሳያዩ ሞቱ። ልጁ ከተማ ወጥቶ ሕግ ተማረ። በዚህ መካከል ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነት ተነሣና ታላቅ ወንድሙ ዘመተ። ሬሳው ተመለሰ። በዚያ አገር ልማድ በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው የሚገነዘው በባንዲራ ነው። ስለዚህ ከሐይቁ በላይ ባለው ኮረብታ ከጓደኞቹ ጋር በዚያው በቀዩ ባንዲራ ተጠቅልሎ ተቀበረ። ሰውየው ቀብሩ ላይ ነበረ፤ አፈር ሲመለስ እናቱን የደገፈ እሱ ነው። ወንድሙን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አልረሳውም። የረሳው ወንድሙ ምን ለብሶ እንደተኛ ነው።

የሐይቁ ሕዝብ መርጦት ሸንጎ በገባ ጊዜ ሌላ ሥራ አልጀመረም። ባንዲራውን የሚለውጥ ሕግ አረቀቀ። ረቂቁን ባቀረበ ቀን የተናገረው ንግግር ያላስለቀሰው ሰው ጥቂት ነው። «እኛ ስንነቃ የምናየው ውኃ ነው» አላቸው። «እናንተ ስትነቁ የምታዩት ተራራ ነው። ሁለታችንም ልጆቻችንን ወደ አንድ ጦርነት ልከናል። ሁለታችንም ቤታችንን የምናይበት አንድ ጨርቅ ቢኖረን ምን ክፋት አለው?» አዲሱ ባንዲራ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ሰማያዊ፣ በመካከላቸውም የምትወጣ ፀሐይ ያለችበት ነበር። የተራራው እንደራሴዎች እንኳ እየተነሡ ደገፉት። አንዱ እንዲያውም «ልጆቼ ሐይቁን እንደ ሰው አገር እያዩ እንዲያድጉ አልፈልግም» አለ።

አሮጌውን ባንዲራ የሚመለከተው አንቀጽ መጀመሪያ አጭርና ለስላሳ ነበር። «የቀድሞው ባንዲራ ከእንግዲህ በመንግሥት ምሰሶ ላይ አይሰቀልም» ይላል እንጂ ሌላ አይልም። በክርክሩ መጨረሻ ቀን ግን ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ፣ ሕጉ እንደሚያልፍ አይቶ የተናደደ ሰው፣ «የሐይቅ ሰው ምሰሶውን የሚጠላው ጀርባው ስለሚያስታውሰው ነው» ሲል ቀለደ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ሰውየው ብዕሩን አነሣና ያንን አንቀጽ ሰርዞ በላዩ ሌላ ጻፈበት። ተነሥቶም አነበበው፤ «የቀድሞው ባንዲራ በማንኛውም ስፍራ ቢገኝ ተነሥቶ ይቃጠላል። ያላነሣ ሹም ይቀጣል።»

በሸንጎው ውስጥ ድሮ ዳኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም የተራራ ሰው ናቸው፤ ሕጉን ግን ከመጀመሪያው ጀምረው ደግፈውታል። በቀስታ ተነሡና «ልጄ፣ በማንኛውም ስፍራ ስትል እስከ የት ድረስ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው።»

«አንተ ምን ለማለት እንደፈለግህ እኔ ይገባኛል። ሕግ የሚጻፈው ግን ለሚያውቅህ ሰው አይደለም። ለማያውቅህና ለሚፈራህ ሰው ነው የሚጻፈው። ያ ሰው እስከ የት ይሄዳል?»

«አባቴ ሲገረፉ እስከ የት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም» አላቸው።

ሽማግሌው ተቀመጡ። ከዚያ እጅ ወጣ፤ ሕጉ እንዳለ አለፈ። ሰው እየመጣ አቀፈው። ሽማግሌውም መጥተው ጨበጡት።

ወራት አለፉ። አዲሱ ባንዲራ በየአውራጃው ይሰቀል ጀመር። በትውልድ መንደሩ የሚሰቀልበት ቀን ሲደርስ እሱ ራሱ ሊሰቅለው ተነሣ። ባንዲራውን ለሹፌሩም ለጠባቂውም አልሰጠም፤ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው መንገዱን ሁሉ የሄደው። አባቱ በታሰሩበት ቦታ ቆሞ ገመዱን ሲስብ ይታየው ነበር። ሕዝቡ ዳርቻው ላይ ከበሮ እየመታ ሲቀበለው ይታየው ነበር። እናቱን ከፊት አስቀምጦ፣ ፀሐይቱን ከምሰሶው ጫፍ አድርሶ፣ «ይኸው፣ እማዬ» ሊላት አስቦ ነበር።

ሲደርስ በዳርቻው ላይ ማንም አልነበረም። ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ደረቁ ተስበው ተደፍተዋል። የሐይቅ ሰው ጀልባውን የሚደፋው ሐዘን ሲገባ ብቻ ነውና ሰውየው ማን ሞቶ ይሆን ብሎ ደነገጠ። መጀመሪያ ያሰበው እናቱን ነው።

የአውራጃው ሹም ከቢሮው ወጥቶ ሮጦ መጣ። ገና ጐልማሳ ነው፤ እሱም የሐይቁ ልጅ፤ ትሑት፣ ሥራውን አክባሪ። የሕግ አውጪውን ንግግር በቃሉ ያጠና ሰው ነበር። እጅ ነሥቶ «እንኳን ደህና መጡ፤ ያዘዙትን ፈጽመናል» አለው።

«ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ የሞተ ሰው የለም፣ ጌታዬ። ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ስለሆነ ነው። ከየቤቱ ያለውን ቀድመን ሰብስበናል፤ ከትምህርት ቤቱም፣ ከቤተ ጸሎቱም። የቀረን ኮረብታው ብቻ ነበር። እሱንም ዛሬ ጧት ጨረስን።»

ሰውየው ሰማ፤ ግን አልገባውም። «ኮረብታው ላይ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጄ፣ ይህን የጠየቀው የገዛ ወንድሙን እዚያ የቀበረ ሰው ነው።

ሹሙ ግራ ገብቶት አየው። «የወታደሮቹ መቃብር ነዋ» አለ። «በባንዲራ ተጠቅልለው አይደል የተቀበሩት።»

እዚህ ላይ ስንቅነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «መቃብር ከፈቱ?» አለች።

«ከፈቱ» አሉ መምህሩ።

ሰውየው ኮረብታውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ በእጁ መሬት ይዟል፤ ያን እንኳ የነገሩት ኋላ ነው። ከላይ ሲደርስ ያየውን ዓይኑ አልቀበል አለው። ጉድጓዶቹ ከዳር እስከ ዳር አፋቸውን ከፍተዋል። በየጉድጓዱ አጠገብ የሰሌን ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በየምንጣፉ ላይ አጥንት በሥርዓት ተደርድሯል። ራስ በራስጌ፣ እግር በግርጌ። ትንሽ ራቅ ብሎ አፈር የበላው፣ የነተበ፣ ቀይ መሆኑ በጭንቅ የሚታወቅ ጨርቅ ተከምሯል። በክምሩ ላይ ነጭ ነገር እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላል። ተራራው ነው።

ሕዝቡ በሙሉ እዚያ ነበረ። ሴቶቹ በየልጃቸው፣ በየባላቸው ምንጣፍ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለቅሶ የለም። ሰውየውን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራው ይህ ነው፤ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሹሙ ከኋላው እያለከለከ «በጥንቃቄ ነው ያስወጣናቸው» አለው። «አንድም አጥንት አልጠፋም። ጨርቁ ከተቃጠለ በኋላ በነጭ አቡጀዲ ተገንዘው ይመለሳሉ፤ አቡጀዲውንም አዝዣለሁ።» ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበረው። ሰውየው ሊቆጣው ዞረና የልጁን ፊት አየ። በዚያ ፊት ላይ ክፋት አልነበረም። የሚያየው የራሱን ቃል ነው፤ ቃል በቃል፣ ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት። የሚቆጣበትን ነገር አጣ።

እናቱን ፈለገ። ከዳር ካለው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ያለውን ሸፍነዋል፤ እሳቸው በቀጭን ቀሚስ ብቻ ብርድ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበረከከ። እናቱ ቀና ብለው አዩትና «መጣህ?» አሉት፤ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው።

«እማዬ…»

«ልጁ ወረቀቱን አነበበልን። ያንተ ስም አለበት አለን። አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«ይህንን አላሰብሁም። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።»

«አላሰብሁም ነው የምትለው» አሉ እናቱ። «የጠየቅሁህ ግን ጽፈኸው እንደሆነ ነው።»

«ጽፌዋለሁ።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በጋቢው ላይ እጃቸውን ጫኑ።

ሰውየው የሚያደርገው ጠፋው። ድንጋጤ ሰውን ጅል ያደርጋል፤ እሱም ጅል ነገር አደረገ። ከከተማ ያመጣውን አዲሱን ባንዲራ ፈታና «በዚህ እንጠቅልለው» አለ። ፀሐይቱ በእናቱ ፊት ተዘረጋች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአገራችን ባንዲራ ነው። እኛም አለንበት፤ ይኸው ሐይቁ።»

«ቆንጆ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። «ወንድምህ ግን አያውቀውም። ያኛውን፣ ልጄ፣ እኔም ጠልቼው ነው የኖርሁት። አባትህ በሱ ሥር ሲገረፉ ከአንተ ይልቅ እኔ ቀርቤ አይቻለሁ። ወንድምህን ሲያመጡልኝ ግን እሱን ለብሶ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ጨርቅ መሆኑ ቀረብኝ። የልጄ ልብስ ሆነ። የሞተን ሰው ልብሱን አይገፉትም።»

ሰውየው አዲሱን ባንዲራ መልሶ አጠፈውና ድንጋይ ላይ አኖረው። ተነሥቶም ወደ ክምሩ ሄደ። የትኛው ጨርቅ የወንድሙ እንደነበረ የሚታወቅ ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያንን ባንዲራ በእጁ ነክቶት አያውቅም። መንካቱ ለባለሥልጣን ሁሉ ግዴታ በነበረበት ጊዜ እንኳ ምክንያት እየፈጠረ ይሸሸው ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። እርጥብ ነበረ፤ አፈር አፈር ይሸታል። ይዞት መጥቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋና የወንድሙን አጥንት አንድ በአንድ እያነሣ በላዩ ያኖር ጀመር። ጨርቁን ብቻውን ማጠፍ ሲያቅተው እናቱ ከወዲያ በኩል ያዙለት።

ሹሙ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጌታዬ፣ ሕጉ እኮ…» አለ።

«ሕጉን አውቀዋለሁ። ጣሰው ብለህ ክሰሰኝ። ግን መጀመሪያ ያንን አካፋ አቀብለኝ።»

ሹሙ አካፋውን አቀበለው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። በዚያ ኮረብታ ላይ ያን ቀን መጀመሪያ ያለቀሰ ሰው እሱ ነው፤ የሱን ድምፅ ሲሰሙ ሴቶቹም ሁሉ አለቀሱ። ወንዶቹ እየተነሡ ከክምሩ አንድ አንድ ጨርቅ ወሰዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መቃብሮቹ ሁሉ ተከደኑ።

ሰውየው ወደ ከተማ ተመልሶ ሸንጎው ፊት ቆመ። የሆነውን ምንም ሳይደብቅ ተናገረና ሕግ በመጣስ እንዲከሰስ፣ ያ አንቀጽም እንዲሰረዝ ጠየቀ። የቀለደበት እንደራሴ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አንቀጹ ተሰረዘ። እሱን ግን የከሰሰው ሰው አልተገኘም፤ ቢከሰስ ይቀለው ነበር።

አዲሱ ባንዲራ አልወረደም። ዛሬም የዚያ አገር ባንዲራ እሱ ነው፤ የተራራው ልጆች ይወዱታል፤ መዝሙርም ወጥቶለታል። በሐይቁ ዳርቻ ግን፣ ለነሱ ሲባል በወጣበት አገር፣ ሲሰቀል ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም። የሚቃወም የለም፤ የሚሳደብ የለም። አንገታቸውን ደፍተው መረባቸውን ይጠግናሉ። ሰውየው በየዓመቱ እየሄደ ይህንን ያይ ነበር። እናቱም እስኪሞቱ ድረስ ሲመጣ ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ ሲሄድ መርቀው ይሸኙታል። ስለ ሥራው ግን ከዚያን ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀውት አያውቁም።

መምህሩ ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ወደ ስንቅነሽ ዞሩ። እሷ መሬት መሬት ታይ ነበር።

«አባትሽ በዝናብ ተለቅሶላቸዋል» አሏት። «ያ ግፍ ነው፤ እኔም እዚያ ነበርሁና አልክድሽም። ስሙን መለወጥሽም ትክክል ነው፤ ሰውየው ባንዲራውን መለወጡ ትክክል እንደነበረ ሁሉ። ነገር ግን ጉባኤው እጁን ያወጣልሽ በሕይወት ያለነው ከእንግዲህ ማን ተብለን እንደምንጠራ ለመወሰን ነው። ሙታን ምን ለብሰው እንደሚተኙ የሚወስን ድምፅ የለም፤ አንድ ሰው ሳይቀር ሁሉም ቢስማማ እንኳ የለም። በድንኳኑ ላይ ያለው ስም ለአንቺ የከለከለሽ ሰው ስም ነው፤ ደጅሽ ለምትቀመጠው ሴት ደግሞ የባሏ መግነዝ ነው። ልብስ ሰፊው ይህን አያውቅም። ያዘዝሽውን አንድ ክር ሳይስት ይተረትርልሻል፤ ጨርሶም ታመሰግነኛለች ብሎ ፊትሽን ያያል። ምን በድያቸው ነው አልሽኝ። ገና አልበደልሻቸውም። እነዚያ ሴቶች ደጅሽ የሚቀመጡት መቃብር እየጠበቁ ነው፤ መቃብሩም ገና አልተከፈተም። አሁን ሂጂና እንደማይከፈት ንገሪያቸው።»